«አይከፈትም» የተባለው ሞተር ይከፈት!

ልደታ ሲባል ፍርድ ቤት ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኛም ዛሬ ከዚያው ሰፈር ሆነን አንዲት ቃል እንከሳለን፦ «አይጠገንም»።

ቃሏን የኤሌክትሪክ ብስክሌት የያዘ ሁሉ ያውቃታል። ጎማው እምቢ ሲል ሻጩ ዘንድ ትሄዳላችሁ። ሻጩ አንዴ ያዞረዋል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ከዚያ ይፈርዳል፦ «ሞተሩ ሄዷል፤ ሙሉውን ቀይር»። ሙሉው የሚባለው የኋላ ጎማው መሃል የተቀመጠችው ድስት የምታክል ነገር ናት። ዋጋዋ ግን የድስት አይደለም።

የአንድ ሰው ችግር ቢሆን ዝም ባልን። ግን ነገሩ የከተማ ጉዳይ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ሞተር ሳይክልን ገደበች። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገሩ። የኮሪደር ልማት ባለፈባቸው መንገዶች የብስክሌት መስመር ተሰመረ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ወደ ኤሌክትሪክ ኑ። እሺ፣ መጣን። ሲበላሽስ?

መልሱን ለማየት ሩቅ አንሂድ። በልደታ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆሙ። ሐዲዱ እዚያው ነበር፤ የጠፋው መለዋወጫው ነው። ዕቃ ገዝቶ መጠገኛውን አለመግዛት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ አስተማሪ የለም።

ውስጡ ምን አለ?

የብስክሌት የጎማ ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርስ የለውም፤ ሞተሩና ጎማው እኩል ይዞራሉ። ሁለተኛው፣ አነስ ቀለል ያለው፣ ባለ ጥርስ ነው። በዚህኛው ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ውስጡ ያለው ሞተር አራት አምስት ጊዜ ይዞራል። ያን ፍጥነት ወደ ጉልበት የሚለውጡት ሦስት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከናይለን የተሠሩ። አጠገባቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለ። ባትሪ ሲያልቅ ሞተሩን ሳትጎትቱ በፔዳል የምትነዱት በእሱ ነው።

ናይለኑ በስስት ብቻ የገባ አይምሰላችሁ። ድምፅ ይቀንሳል፤ ጭነት ሲበዛም ከሌላው ዕቃ ቀድሞ ራሱን ይሠዋል። እንደ ፊውዝ በሉት። አዲስ አበባ ደግሞ ዳገት ናት። የዚህ ሞተር ሙቀት ከቀፎው ቶሎ አይወጣም፤ ዕቃ ጭኖ ረጅም ዳገት በሙሉ ጉልበት ሲወጣ ናይለኑ ይለሰልሳል፣ ጥርሱም ይበላል። ፊውዝ ሲቃጠል ቤት የሚያፈርስ ሰው የለም። ሦስት ጥርስ ተበላ ብሎ ሙሉ ሞተር መጣል ግን ልክ ያንን ነው።

ከመፍታት በፊት

መጀመሪያ ሞተሩን ስሙት፤ ራሱ ይናገራል። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልሄደ ጥርሱ ወይም ፍሪሲዮኑ ነው። ከተንቀጠቀጠና ከተንተባተበ የሞተሩን አቀማመጥ የሚያነቡትን ሦስት ሴንሰሮች ወይም ሽቦዎቻቸውን ጠርጥሩ። ከዚያ ባትሪው ይነቀል፤ ጎማውን በእጅ ወደ ኋላ ስታዞሩት ከከበደና ከቆጠቆጠ፣ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ ንቀሉ። ቀለል ካለ ጥፋቱ የኮንትሮለሩ ነው፤ ካልቀለለ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተነካክቷል። ወደ ፊት ብታዞሩት ግን ፍሪሲዮኑ ስለሚለቅ ምንም አይነግራችሁም። «ሞተሩ ሄዷል» ብሎ የሚፈርደው ስንቱ ይሆን ወደ ኋላ አዙሮ ያየው?

ፍቺው ጥንቃቄ እንጂ ተአምር አይፈልግም። ጎማው ሲወጣ የዳዶዎቹና የሮንደላዎቹ ተራ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ክዳኑ በቡሎን የታሰረ ከሆነ ቡሎኖቹ ይፈታሉ፤ አንዳንዱ ግን ራሱ ክዳኑ እንደ ቡሎን የሚዞር ነው። ፔርኖው ላይ በብረት መዶሻ መምታት ክልክል ነው፤ እንጨት ይደረግበት። ሽቦው የሚወጣበት ጫፍ ደግሞ ጨርሶ አይመታም። ጥርሶቹ ሲገኙ አንዱ ብቻ ቢበላም ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ። ስብርባሪ የተቀላቀለበት አሮጌ ግራሶ ይጠረጋል፤ ለናይለን የሚስማማ ግራሶ በልኩ ይገባል። ኩሽኔታው ይፈተሻል። ክዳኑ ሲገጠም የክረምት ውኃ እንዳይገባ ይታሸጋል። አለቀ።

አባቶቻችን ከፍተዋል

ከላይ ያሉትን ቃላት ልብ በሉልኝ፦ ዳዶ፣ ሮንደላ፣ ፔርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ አማርኛ የሆኑት ግን በመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ሰው ማሽን እየከፈተ ስለጠራቸው ነው። ሰይቼንቶ ታክሲን ያኖረ፣ ላዳን ለአሥርተ ዓመታት ያስሮጠ እጅ «አይከፈትም» ቢባል ኖሮ ይስቅ ነበር። እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ያለው አንጋፋ ትምህርት ቤት ስሙ ተግባረ ዕድ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት። የማይከፈት ዕቃ በበዛበት ዘመን እጅ ምን ይሠራል?

«አደጋ አለው» ለሚሉ

አላቸው ነጥብ። የሊቲየም ባትሪ ሥልጠና የሌለው ሰው የሚከፍተው ነገር አይደለም፤ ይነዳል። ግን ባትሪና ሞተር አንድ አይደሉም። ባትሪው የተነቀለ ሞተር ጥርስ፣ መዳብና ማግኔት ነው። የባትሪውን ፍርሃት ተከልሎ ሞተር መሸጥ ንግድ እንጂ ጥንቃቄ አይባልም። ዋስትናው ሳያልቅ መክፈት አያዋጣም፤ እሱም እውነት ነው። ካለቀ በኋላስ?

የጥያቄው ባለቤቶች እኛ ብቻ አይደለንም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጠገን መብት መመሪያ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ያላቸውን ዕቃዎችም ይጨምራል። አምራቹ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግን ያስገድዳል፤ አባል አገራት ሥራ ላይ እንዲያውሉት የተቆረጠው ቀንም ጁላይ 31 ቀን 2026 ነው።

እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ብስክሌት የሚያስገባ ነጋዴ ጥርስ፣ ሴንሰርና ኩሽኔታ አብሮ ያስገባ፤ ፈቃድ ሲሰጠው ይህ ይጠየቅ። የቴክኒክ ኮሌጆች የጎማ ሞተርን ፈተው የሚያስተምሩበት ወንበር ያዘጋጁ። እናንተ ደግሞ «ሙሉውን ቀይር» ስትባሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከፍተህ አይተኸዋል?»

በብስክሌት ዕቃ እያደረሰ ለሚያድር ልጅ ይህች ጥያቄ ቅንጦት አይደለችም። መልሷ በሦስት የናይለን ጥርስ ወደ ሥራ በመመለስና ሞተር እስኪገዛ ቤት በመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ክሳችን ይኸው ነው። ፍርዱን ካቻቪቴ የያዘ ይስጥ።