«ዶክተር፣ አንተም ትሳፈራለህ?»

ባለፈው ሳምንት ሮለር ኮስተር ላይ አፌን በልቅጬ ስጮህ የተነሳሁትን ፎቶ ለጥፌ ነበር። በውስጥ መስመር የመጣልኝ መልእክት ስለ ስኳር በሽታ ጽፌ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል። ግማሹ «ዶክተር፣ አንተም ትሳፈራለህ?» የሚል ነው። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ እኛን ጨው ቀንሱ እያልክ አንተ ከሰማይ ትወረወራለህ?» ብለውኛል። እውነትዎን ነው እማማ። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን አንድ በአንድ ላውራው።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ሮለር ኮስተር እወዳለሁ። የጀመረኝ ሬዚደንት ሳለሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ ጓደኞቼ እንቅልፌን ሳልጨርስ ጎትተው ወሰዱኝ። ወንበሩ ላይ ታስሬ ባቡሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ «ምን አስገባኝ» እያልኩ ነበር። ስወርድ ግን እንደ ሕፃን ስቄያለሁ። ለወራት እንዲያ ስቄ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ተነስቼ ኦሃዮ ድረስ ነድቼ ሴዳር ፖይንት የሚገኘውን ሚሌኒየም ፎርስ ተሳፍሬያለሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ 94 ሜትር ከፍታ አለው፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይወረወራል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ የኤሪ ሐይቅ ከጎናችሁ ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ ላይ ስለ ደመወዝም ስለ ቪዛም የሚያስብ ሰው የለም።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። የጀርመን ሐኪሞች 55 ጤነኛ ሰዎችን የልብ መቆጣጠሪያ አስረው ኤክስፔዲሽን ጂፎርስ የተባለ ኮስተር ላይ አሳፈሯቸው፤ ውጤቱም በ2007 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የልብ ምታቸው በአማካይ በደቂቃ ከ91 ወደ 153 ዘሏል። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም፤ 153 እኮ ደረጃ በሩጫ የወጣ ሰውም ይደርስበታል። የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ምቱ ጣሪያ የነካው ባቡሩ ሽቅብ ወጥቶ እንደጨረሰ አካባቢ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ባቡሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሰውነትን የሚያንገላታ ነገር የለም። ታዲያ ልብን ያስሮጠው ምንድን ነው? ፍርሃት ነዋ! አድሬናሊን። ለጤነኛ ልብ ይኼ ጨዋታ ነው። ደም ስሩ ለጠበበ፣ ምቱ ለተዛባ ወይም ግፊቱ ላልተቆጣጠረው ሰው ግን ያው አድሬናሊን ሌላ ታሪክ ያመጣል። «ትንሽዬ ናት፣ ፍጥነት የላትም» ብላችሁ የልብ ሕመምተኛ አትገፋፉ። ፈሪ ሰው በትንሿም ልቡ ያው ይሮጣል።

ሁለተኛው የአንገትና የደም ጉዳይ ነው። በ1895 ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ ፍሊፕ ፍላፕ የሚባል ኮስተር ነበር፤ ሐዲዱ እንደ ቀለበት ድፍን ክብ ሆኖ ሰውን ገልብጦ ያዞራል። ድፍን ክብ ደግሞ መግቢያው ላይ ሰውን በአንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ ይደፈጥጠዋል። የተሳፋሪዎች አንገት እየተጎዳ ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ነገሩ በትክክል የተፈታው በ1976 ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ሬቮሉሽን የተባለው ኮስተር ሲሠራ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሽቴንግል ቀለበቱን እንደ እንባ ጠብታ አደረገው፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ። ጉልበቱ በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይመጣል። እኔ ይኼን ሰውዬ ከአንዳንድ ሐኪሞች ይልቅ ስለ አንገት ያሰበ ሰው ነው እላለሁ።

ግን ዛሬም ስህተት አለ። ለኛ ቅርብ የሆነው የቨርጂኒያው ኪንግስ ዶሚኒየን በ2010 ኢንቲሚዴተር 305 የሚባል 93 ሜትር ኮስተር ከፈተ። ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ያለው መታጠፊያ በጣም ኃይለኛ ስለነበር የተሳፋሪዎች ዓይን እየጨለመ አስቸገረ። ለምን? ሰውነት ወደ ታች ሲጫን ደም ወደ እግር ይሸሻል፤ ልብ ወደ ጭንቅላት መግፋት ያቅተዋል። መጀመሪያ የሚቋረጠው ዓይን ነው፤ ቀለም ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ጨለማ። ለ2011 ወቅት መታጠፊያውን ሰፋ አድርገው ቀየሩት። ስሙም አሁን ፓንቴሪያን ሆኗል። ኮስተር ወዳጆች «ድሮ ይሻል ነበር» እያሉ ያማርራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ራስን መሳት መዝናኛ አይደለም።

እዚህ ጋ ለሐበሾች ብቻ የምላት ነገር አለችኝ። የፓርኩ ዋና ወቅት ነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ፣ ሰላሳ አምስት ዲግሪ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ከዚያ እንዲህ ያለ መታጠፊያ ላይ የሚወጡ ልጆች አውቃለሁ። ውኃ ያነሰው ሰውነት ደሙም ያንሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ ዓይኑ የሚጨልመው መጀመሪያ እሱ ነው። ጹሙ፣ እግዚአብሔር ይቀበላችሁ፣ እናቴም ትጾማለች። ግን ለፓርክ ሌላ ቀን ምረጡ። (ፍቺው ማግስት ክትፎ በልቶ የሚሳፈረውንም አይቻለሁ። ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ነበር። ዝርዝሩን ልተወው።)

ስለ ኩላሊት ጠጠር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አዎ፣ የሰማችሁት ውሸት አይደለም። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ዴቪድ ዋርቲንገር የተባሉ ሐኪም በሽተኞቻቸው «ኮስተር ተሳፍሬ ጠጠሩ ወጣልኝ» እያሉ ሲያስቸግሯቸው፣ የኩላሊት ሞዴል አሠርተው፣ ጠጠርና ሽንት ሞልተው፣ በጀርባ ቦርሳ ይዘው ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ የሚገኘው ቢግ ተንደር ማውንቴን ላይ ወጡ። 20 ጊዜ! ፊት ሲቀመጡ ከ24 ጠጠር 4 ወጣ፤ ኋላ ሲቀመጡ ከ36ቱ 23። በ2016 ታተመ፣ በ2018 ደግሞ ሰውን መጀመሪያ የሚያስቅ ከዚያ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል አገኘ። ያው ሞዴል ነው፤ ሰው ላይ የተሞከረ ሕክምና አይደለም። ጠጠር ይዟችሁ እያቃሰታችሁ ትኬት እንዳትቆርጡ።

እስካሁን ቀልጄያለሁ። አሁን የማይቀለድበትን ልንገራችሁ፤ ለጥቂት ዓመታት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ።

የምንቀራረብ ጎረቤት አሉን፤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። ከልጆቻቸው ጋር አንድ ራቅ ያለ ፓርክ ሄድን። እኔ ያው የኮስተሩ ሰባኪ ነኝ። «ጋሼ፣ አንዴ ይሞክሩ፣ ዕድሜዎን ያድሳል» አልኳቸው። በር ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ እኔው ተረጎምኩላቸው፦ የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት፣ የአንገትና የወገብ ችግር፣ እርግዝና። «ልቤ ደኅና ነው፣ ግፊቱን ኪኒኑ ይዞልኛል፣ እርጉዝም አይደለሁም» ብለው አሳቁን። ገባን። ጭንቅላታችንን ግራና ቀኝ የሚያማታ ዓይነት ነበር። ሲወርዱ እየሳቁ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ደወለች። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ ትናንት ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ስም ረሱ። ያኔ ነው የጠየቅኩት። «ጋሼ ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» ልጅቷ አነበበችልኝ፤ ሦስተኛው የደም ማቅጠኛ ነበር። እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው የታዘዘ። ሲቲ ስካኑ ላይ በአንጎላቸውና በሽፋኑ መካከል ደም ተጠራቅሞ ታየ። የዚህ ዓይነት መድማት ከሮለር ኮስተር በኋላ እንደሚከሰት የሕክምና መጽሔቶች ላይ የተመዘገቡ ታሪኮች አሉ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። አንብቤያቸዋለሁ። አውቅ ነበር። በዚያች ቀን ግን ሐኪም ሳልሆን አድናቂ ነበርኩ፤ ጋሼም «ዶክተር አለልኝ» ብለው አመኑኝ።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳኑ፤ ምስጋና ለፈጣሪ። ጥፋቱ የፓርኩ አይደለም፤ ያላነበብኩት የእሳቸው የመድኃኒት ዝርዝር ነው። ሰሌዳው ላይ «የደም ማቅጠኛ» የሚል አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ እንኳ ጋሼ «ለደም ዝውውር የተሰጠኝ» ነው የሚሉት። ስለዚህ አሁን ሰው ይዤ ስሄድ «ልብህ ደኅና ነው?» ብዬ አልጠይቅም። «የኪኒኖችህን ስም አሳየኝ» ነው የምለው። ዋርፋሪን፣ አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባን ካየሁ ቦታው ከኔ ጋር አይስ ክሬም ወንበር ላይ ነው። ኮስተር ተሳፍራችሁ ከዚያ ወዲህ የማይለቅ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ መንገዳገድ፣ ወይም በአንድ ወገን ያለ አዲስ የአንገት ሕመም ከማዞር ጋር ከመጣባችሁ፣ ሳምንታትም ቢያልፉ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና መሳፈራችሁን ንገሯቸው። ሐኪሙ አይገምተውም፤ እኔም ለመገመት ልጅቷ እስክትደውል ጠብቄያለሁ።

ከዚህ በኋላ ኮስተር መውደዴን ያቆምኩ መስሏችሁ ይሆናል። አላቆምኩም። የማልወደው ግን በዝቷል። የከፍታ ፉክክሩን አልወደውም። ኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ በ2005 ሲከፈት 139 ሜትር ሆኖ የዓለም ረጅሙ ነበር፤ ጉዞው አንድ ደቂቃ አይሞላም ነበር፤ በ2025 በፈንጂ አፈራርሰው ጣሉት። አቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ የሚገኘው ፎርሙላ ሮሳ በ2010 ሲከፈት በፍጥነት ከዓለም አንደኛ ነበር፤ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር፤ አሸዋና ነፍሳት ዓይን እንዳይመቱ መነጽር ያስደርጋሉ። ጎበዝ! ለመዝናናት የብየዳ ሠራተኛ መስሎ መቀመጥ ምን ይሉታል? ተጨማሪ ከፍሎ ሰልፍ የሚዘልበትን አሠራርም አልወደውም። ያልከፈለው ቤተሰብ ሕፃን ይዞ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ከግማሽ ይቆማል፤ ፓርክ ውስጥ ከሐዲዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጥለው ደግሞ ያ ፀሐይ ነው።

የምወደው ያረጀ እንጨት ነው። ሜሪላንድ በሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ውስጥ ዋይልድ ዋን የሚባል ነበር፤ በ1917 ማሳቹሴትስ ተሠርቶ፣ በ1986 ተነቅሎ ወደ እኛ ሰፈር የመጣ። እሱም እንደኛ ስደተኛ ነበር ማለት ነው። ፓርኩ ኅዳር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ከፍቶ ተዘጋ። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የማውቃቸው የሐበሻ ልጆች የመጀመሪያ ጩኸታቸውን የጮኹት እዚያ ነው።

እናቶቻቸውስ? እናቶቻቸው ቦርሳ ይዘው ነበር። ይኼ ነው ዋናው ቅሬታዬ። በየፓርኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ቦርሳ፣ ሦስት ጃኬትና አንድ ፌስታል ዳቦ ታቅፋ የምትጠብቅ ሴት ካያችሁ የኛ እናት ናት። ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህታችን ጽፋልኝ ነበር፤ የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ አራት ጊዜ ፓርክ ገብታለች፣ አንዴም አልተሳፈረችም። ግፊታቸው የተስተካከለ፣ ልባቸው ደኅና የሆነ፣ አንገትና ጉልበታቸው የሚፈቅድ እናቶች አሉ፤ ማንም «አንቺስ?» ብሎ አይጠይቃቸውም።

ፓርኩ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ልሰናበተው ስሄድ ጋሼና ባለቤታቸውም አብረውኝ መጡ። እትዬ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጠዋት ቤት ግፊታቸውን ለካሁ፣ ኪኒናቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ የኮሌስትሮል ብቻ ነው። ሐኪማቸውንም አስቀድመው ጠይቀው ነበር። ጋሼ የባለቤታቸውን ቦርሳ ከትከሻቸው አወረዱና «በል ቦርሳውን እኔ ልያዝ፣ እሷን ውሰዳት» አሉኝ። ዋይልድ ዋንን አልሞከርንም፤ ትንሿን፣ የልጆቹን መረጥን። እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ለጋሼ ሰጡ፣ አማተቡ፣ ገቡ። ቁልቁል ስንወርድ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ቆሞ ስንወርድ ፊታቸውን አየሁት፤ ሰልፉ የት እንደሚጀምር እያዩ ነበር።

«ይኼን ነው ሃያ ዓመት ሙሉ ቦርሳ ያስያዛችሁኝ?» አሉ።