የ532 ዓመት ሒሳብ

ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ አዲስ የተመደበ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ስብሰባ ለመጥራት ሲያስብ አስቀድሞ የሚመለከተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቍጠሪያ ነው። በአካባቢው ገጠር ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ የኔታ ግን ነነዌ የሚገባበትን፣ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ያለ ወረቀት በቃላቸው ያወጡታል። ከሁለቱ የተማረው ማነው ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ቍጥር እናቅርብ፤ ይኸውም 194,313 ነው። ይህ ቍጥር በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዙር የቀኖች ድምር ነው። እያንዳንዱ ዓመት 365 ቀን ሲሆን፣ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ስለምትሆን 133 ቀን ይጨመርበታል።

ቍጥሩ ለ7 ሲካፈል ያለ ቀሪ 27,759 ይደርሳል። ይኸው 27,759 ደግሞ ዐውደ ማኅተም የተባለው የ76 ዓመት ቀኖች ቍጥር ነው። በ76 ዓመት የወሩ ቀንና የጨረቃው ሒሳብ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ዕለቱ ግን አይመለስም፤ 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋልና። ስለዚህ ሰኞ የነበረው ዓርብ፣ ቀጥሎ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ረቡዕ፣ እሑድ፣ ሐሙስ እያለ በሰባተኛው ዙር ሰኞ ይገባል። ሰባት ጊዜ 76 ማለት 532 ነው።

የ2018 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቁ 18 ነው። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ከዚህ ተነሥቶ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይወጣል። ተማሪው በትምህርት ቤት ስለ ቀሪ የሚማረው ሒሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ሒሳቡ ከሰማይዋ ጨረቃ ጋር ፍጹም አይገጥምም፤ በ76 ዓመት ስድስት ሰዓት ያህል ይበልጣል። ይህንንም ማወቅ የትምህርት ክፍል ነው። ያለ ምርመራ ማመንም፣ ሳይመረምሩ መናቅም ከተማረ ሰው አይጠበቅም።

ኦቶ ኖይገባወር የተባለ የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ስለዚሁ የኢትዮጵያ ሒሳብ መጽሐፍ ጽፎ በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የባሕር ማዶ ሰው የደከመበትን፣ የአገሩ ልጅ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ ቢጠይቅ ምን ይቸግረዋል? የሒሳብ መምህራን የኔታን ወደ ክፍላቸው ይጋብዙ፤ ወጣት ሠራተኞችም በዕረፍት ቀናቸው ደብተር ይዘው እግራቸው ሥር ይቀመጡ። በቃል የተያዘ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የተቀበረውንም ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አይመልሰውም።