የእጅ ዳንቴልን የገደለው ማሽን ነውን?

እኛ ዳንቴል ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን በኪሮሽ የሚሠራው የጠረጴዛና የሶፋ ልብስ ነው። የእንግሊዞቹ የእጅ ዳንቴል አሠራሩ ሌላ ነው። ሠሪዋ ጭድ የተጠቀጠቀበት ትራስ ፊቷ ታስቀምጣለች፤ ንድፉ በቀዳዳ የተነጠበበትን ብራና ትዘረጋበታለች፤ ክር የተጠቀለለባቸውን የእንጨት ወይም የአጥንት ዘንጎች እያቀያየረች ትጎነጉናለች፤ ጉንጉኑ እንዳይፈታም ስፒል ትሰካለች።

ይህ ሙያ ለምን ተዳከመ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ማሽን ላይ ነው። ጆን ሂትኮት የመረብ ዳንቴል ማሽኑን የፈጠራ መብት በ1809 አስመዘገበ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1816 በላፍቦሮ ፋብሪካው 55 ማሽኖች በሌሊት ተሰባበሩበትና ሥራውን ወደ ዴቨን፣ ወደ ቲቨርተን አዛወረ። የማሽን ዳንቴል ዋና ከተማ ኖቲንግሃም ሆነች።

እኔ ግን ማሽኑ ሲመጣ ሠሪዋ ቀድሞውኑ ተሸንፋ ነበር እላለሁ። በቤድፎርድሺር፣ በበኪንግሃምሺርና በኖርዝአምፕተንሺር መንደሮች ክርና ንድፍ የሚያቀርብላት ነጋዴ ያለቀውንም ከእሷ የሚገዛው እሱው ነበር። ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ በገንዘብ ፈንታ የሱቅ ዕቃ ይሰጣት ስለነበር ፓርላማው በ1779 ይህን የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የዳንቴል ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ነው። ልጆች ገና በአምስት ዓመታቸው ገደማ ይገቡበት ነበር። ነጩን ክር ጥላሸት እንዳይነካው በክረምትም እሳት አይነድም፤ እግር የሚሞቀው ፍም በተሞላ ሸክላ ነው። ሲመሽ አንዲት ሻማ መሃል ትበራና ብርሃኗ ውሃ በሞሉ የመስታወት ጠርሙሶች አልፎ በየትራሱ ላይ ያርፋል። ልጆቹ ስፒላቸውን የሚቆጥሩት በዜማ ነበር። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ የሚታየኝ ግን የነዚያ ሕፃናት ዓይን ነው።

ማሽኑ ብቻውን ገዳይ ቢሆን ኖሮ፣ ከተፈጠረ ከአርባ ዓመት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በእጅ ሲሠሩ ባልተገኙ። እንዲያውም ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ስታገባ የለበሰችው፣ በዴቨኗ ከተማ በሆኒተን ስም የሚጠራው ዳንቴል ሁለቱን ያጣመረ ነበር። ቢር በምትባል የባሕር ዳር መንደርና በአካባቢዋ ከ200 የሚበልጡ ሴቶች በእጃቸው የሠሯቸው አበቦች ማሽን በሠራው መረብ ላይ ተሰፍተዋል። ትእዛዙ ለሙያው ክብርና ገበያ አመጣ፤ ዋጋ ቆራጩን ግን አልለወጠም።

የሠሪዋን ዕጣ የለወጠው ሌላ ነው። በ1867 የወጣው ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በእጅ ሥራ ቤቶች ማሠራትን ከለከለ፤ በ1880 ደግሞ ትምህርት ግዴታ ሆነ። ልጅቷ ከትራሱ ተነሥታ ፊደል ወዳለበት ሄደች፤ ስታድግም ደመወዝ በገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ መረጠች። ትራሱን ለልጆቻቸው ያላወረሱት እናቶች ትክክል ነበሩ።