መሣሪያው የማይደርስበት አድራሻ፦ ስለ ድራይቨር ጥናቶች ምዘና አንድ አስተያየት

የመሣሪያ ድራይቨር የሚጽፍ ተማሪ ሥራው መጠናቀቁን የሚያረጋግጠው ብዙውን ጊዜ መረጃው በትክክል ሲተላለፍ በማየት ነው። ቀጥተኛ የማህደረ ትውስታ ተደራሽነትን (ዲኤምኤን) ለሚጠቀም ድራይቨር ግን ይህ ማረጋገጫ አይበቃም። መሣሪያው ስንት የአድራሻ ቢት እንደሚያወጣ ያልገለጸና በዚያ ወሰን ላይ ያልተፈተነ የድራይቨር ጥናት፣ የቱንም ያህል ፈጣን ውጤት ቢያሳይ፣ እንደተሟላ ሊቆጠር አይገባም።

ችግሩ የሚመነጨው ፕሮሰሰሩና መሣሪያው የሚደርሱበት የማህደረ ትውስታ ስፋት ሊለያይ ከመቻሉ ነው። የቀድሞው የአይኤስኤ ዲኤምኤ በ24 ቢት የተወሰነ ስለ ነበር ከመጀመሪያው 16 ሜጋባይት አያልፍም ነበር፤ 32 ቢት የሚያወጣ የፒሲአይ ካርድም በ4 ጊጋባይት ይወሰናል። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ራዝበሪ ፓይ 4 በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ሲቀርብ እስከ 4 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ የነበረው ቢሆንም፣ አንዳንድ የውስጥ ክፍሎቹ የሚደርሱት እስከ መጀመሪያው 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ለ64 ቢት አርም የተዘጋጀው የሊኑክስ ከርነል ለእነርሱ የሚሆን ዝቅተኛ የማህደረ ትውስታ ክልል መለየት አስፈልጎታል።

ድራይቨሩ ስለ መሣሪያው አቅም ለከርነሉ የሚሰጠው መግለጫ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው ማጋነን ነው። የ32 ቢት መሣሪያ 64 ቢት እንዳለው ተደርጎ ቢመዘገብና ባፈሩ በ5 ጊጋባይት አድራሻ ላይ ቢያርፍ፣ የላይኛው ቢት ይቆረጥና መሣሪያው 1 ጊጋባይት ላይ ይጽፋል። በዚያ ስፍራ ያለው የሌላ ፕሮግራም መረጃ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ይበላሻል። 2 ጊጋባይት ባለው የላቦራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ግን ይህ ስህተት አይታይም። ሁለተኛው ማሳነስ ነው። ድራይቨሩ ምንም ካላስመዘገበ ሊኑክስ 32 ቢትን እንደ መነሻ ይወስዳል፤ ስለዚህ 64 ቢት የሚችል መሣሪያ እንኳ መረጃው በመሸጋገሪያ ባፈር በኩል ያለ አስፈላጊነት እየተገለበጠ ሊሠራ ይችላል። በዚህ ሁኔታ የተለካ ፍጥነት የመሣሪያውን ሳይሆን የግልበጣውን ወጪ ያሳያል።

አድራሻ የሚተረጉመው አይኦኤምኤምዩ ችግሩን አስወግዶታል የሚሉ አሉ። ክፍሉ ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አይገኝም፣ በሚገኝበትም ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ለመሣሪያው የሚሰጠው የተተረጎመ አድራሻ ራሱ ከመሣሪያው ወሰን እንዳያልፍ የድራይቨሩ መግለጫ እውነተኛ መሆን አለበት።

ስለዚህ ገምጋሚዎች ከእያንዳንዱ የድራይቨር ጥናት ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመሣሪያው የአድራሻ ስፋት ከአምራቹ ሰነድ ተጠቅሶ ይገለጽ፤ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ወሰን የበለጠ ማህደረ ትውስታ ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ የከርነሉ የዲኤምኤ ማረሚያ በርቶ ይፈተን፤ ፍጥነት ሲለካም የመሸጋገሪያ ባፈር ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉ ይመዝገብ። ይህ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ሳይፈተን የቀረ ድራይቨር የሚያበላሸው መረጃ ግን የማን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም።