ቁስለኛን ማን ያንሣው?

በሐርጌሳ ከተማ መካከል በሐውልት ላይ የተተከለ አንድ የጦር አውሮፕላን ይታያል። ሐውልቱ በ1980 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት አውሮፕላኖች ከከተማይቱ ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ሕዝቧን በቦምብ ለደበደቡበት መከራ መታሰቢያ ነው። ይሁን እንጂ የጦር አውሮፕላን በዚያች አገር ሰማይ ላይ ሲታይ ያ የመጀመሪያው አልነበረም።

በ1912 ዓ.ም. እንግሊዞች ሃያ ዓመት ያህል ሲዋጋቸው የኖረውን ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰንንና የደርዊሽ ተከታዮቹን ድል ለማድረግ 12 አውሮፕላኖች በመርከብ አስመጡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመቻዎች ቁስለኛና በሽተኛ ወታደር በግመል ተጭኖ ውኃ በሌለበት በረሃ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። የግመሉ እርምጃ ቁስሉን ባነቃነቀው ቁጥር ሥቃዩ ይበረታል፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ሕይወቱ የሚያልፍም ነበር። በ1912ቱ ዘመቻ ግን ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ሕመምተኛ እንዲያመላልስ ተዘጋጀ። የቀናት መንገድ የሰዓታት ሆነ።

ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ምስጋናው ግን ሙሉ ሊሆን አይችልም። የቀሩት አውሮፕላኖች ሜዲሼ በተባለው የደርዊሾች ሰፈር ላይ ቦምብ ሲጥሉ፣ በዚያ የነበረው ተዋጊ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰብና ከብትም ነበረ። በዚያ ለቆሰለው የተዘጋጀ አውሮፕላን አልነበረም። አንዱ ክንፍ ያድናል፤ ሌላው ያቆስላል፤ የሚያድነውም የራሱን ወገን ብቻ ነው።

«በጦርነት ጊዜ ጠላቱን የሚሸከም ማን አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ1856 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመው ስምምነት የቆሰለና የታመመ ወታደር የየትኛውም አገር ሰው ቢሆን ተነሥቶ እንዲታከም አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። መሣሪያው ከእጁ የወደቀ ሰው ከእንግዲህ ተዋጊ ሳይሆን ሕመምተኛ ነውና። ይህ ሕግ ሲጣስ የሚደርሰውን ጉዳት እኛም እናውቀዋለን። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር ደብድበው ሕሙማንን በተኙበት ገድለዋል።

እንግዲህ አውሮፕላን በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ደግነቱም ክፋቱም የሚያዝዘው ሰው ነው። የአንድ ሠራዊት ሥልጣኔ የሚለካው በመሣሪያው ብዛት ሳይሆን የወደቀውን ሰው፣ ጠላቱንም ቢሆን፣ ለማንሣት በመጐንበሱ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነውና።