የፊት ጎማ ቦታው የት ነው?

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ቡና የጫነ ካሚዮን ይህን ቁልቁለት ሲወርድ ሾፌሩ የሚተማመነው በሁለት ነገር ነው፤ በፍሬኑና በመሪው። ፍሬን ሲበላሽ ሁሉም ይጮኻል፤ መሪ ግን ቀስ በቀስ ሲከዳ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ለዚህ ክዳት አንዱ ምክንያት ባሌስትራ ሲለወጥ የፊት ጎማ ከቦታው መሸሹ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገራለን።

አንባቢ ሆይ፤ «እኔ ተማሪ ወይም ጸሐፊ እንጂ መካኒክ አይደለሁ፤ ምን ቸገረኝ?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን በትምህርት ቤት የተማሩት ጂኦሜትሪ ነው።

ሕዝቡ «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራውን ፊያት 682 ኤን 3 እንመልከት። የ682 ዘር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1952 የወጣ ሲሆን፣ ፊቱም ኋላውም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለው ሽማግሌ መኪና ባሌስትራው ሲሰበርና የራሱ ዓይነት ሲታጣ፣ የሌላ መኪና ባሌስትራ ሊገጠምለት ይችላል። በባሌስትራው ወገብ ላይ ንጣፎቹን አንድ አድርጎ የሚይዝ ቡሎን አለ፤ የቡሎኑ ራስ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ይገባል። እንግዲህ ከባሌስትራው ቋሚ ጆሮ እስከዚህ ቡሎን ያለው ርቀት በ3 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ የፊት ጎማውም በ3 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል ማለት ነው።

ጉዳቱ ሦስት ነው። አንደኛ፤ የሸሸው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ አክስሉ ይንጋደዳል፤ መኪናው ወደ ጎን ይስባል፤ ጎማውም ያለ ጊዜው ይበላል። ሁለተኛ፤ ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ በድሮው ርዝመቱ ስለሚቀር፣ መሪው ቀጥ ሲል ጎማው ጠሞ ይቆማል። ሦስተኛ፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ በባሌስትራው ቋሚ ጆሮ ዙሪያ እንደ ቅስት ይሄዳል፤ የመሪው ዘንግም የራሱን ቅስት ይሠራል። ሁለቱ ቅስቶች ካልተስማሙ፣ ሾፌሩ ሳያዝ ጎማው በገዛ ራሱ ይዞራል። ክረምት በቦረቦረው መንገድ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያስቸግርም።

ታዲያ መላው ምንድር ነው? ቱንቢ፣ ሜትርና ጠመኔ ይበቃሉ። መኪናው በደልዳላ መሬት ይቁም። ከሻንሲው ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሥፍራ፣ እንዲሁም ከፊት አክስል ከሁለቱ የባሌስትራ ቡሎኖች ሥር ቱንቢ ጥሎ መሬቱን በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። የግራው ርቀት ከቀኙ እኩል፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተሻግረው የሚሄዱት ሁለቱ መስመሮችም እኩል መሆን አለባቸው። ልኩም አሮጌው ባሌስትራ ሳይፈታ ከተያዘው ጋር ይመዛዘናል። ከዚያ በኋላ መኪናው ሙሉ ጭነቱን እንደ ጫነ መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ይዞር፤ ጎማው ፓራፋንጎውንም ሆነ ባሌስትራውን መንካት የለበትም።

ልኩ ካልገጠመ ተስማሚ ባሌስትራ መፈለግ ነው እንጂ፣ የመሪውን ዘንግ ቆርጦ በብየዳ መቀጠል አይገባም። በሜዳ የያዘ ብየዳ በቁልቁለት ላይ ሊለቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ መሪው በሾፌሩ እጅ ባዶ ክብ ሆኖ ይቀራል።

የመሥሪያ ቤት መኪና ከጋራዥ ሲመለስ፣ «ተጠግኗል» በሚለው ወረቀት ላይ የሚፈርመው መካኒኩ ሳይሆን ወጣቱ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት፣ «የግራና የቀኙ ልክ ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን የሚነግርዎ ካልተገኘ፣ ብዕርዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።