ቴሌቪዥኑ ዋይፋይ እምቢ ሲል፦ ፉንዲ ከመጥራታችን በፊት

ለዚህ እትም ያሰናዳነው ስለ ፈተና አጠናን ነበር። ይሁንና ሰሞኑን በትምህርት ቤቱ በርም ሆነ በውሃ ወረፋ የሚያስቆሙን ወላጆች ጥያቄ አንድ ሆነብን፤ «መምህር፣ ቴሌቪዥኑ ዋይፋይ እምቢ አለን፤ ምን ይሻለናል?» የሚል። ስለዚህ የፈተናውን ለሚቀጥለው አቆይተን ይህንኑ ልንመልስ ወደድን።

«ራሽን ተቀንሶ እያለ ስለ ስማርት ቴሌቪዥን ማውራት ምን ይሉታል?» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እዚህ ካኩማ ውስጥ ግን ስማርት ቴሌቪዥን የድሎት ዕቃ የሆነበት ቤት ጥቂት ነው። አብዛኛው ወደ ሦስተኛ አገር ከሚሄድ ጎረቤት በርካሽ የተገዛ፣ ወይም ዓረብ አገር ያለች ልጅ ከላከችው ገንዘብ ተቆንጥሮ የተገኘ ነው። ማታ መብራት ሲመጣ የሦስትና የአራት ቤት ልጆች ይሰበሰቡና የሂሳብና የፊዚክስ ትምህርት ይከታተሉበታል። በተጨናነቀ ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳውን በወጉ ሳያይ ለዋለ ልጅ ያቺ የማታ ሰዓት ትልቅ ነገር ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም የመምህራን ጉዳይ ነው።

የሚያሳዝነን ደግሞ የገንዘቡ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑ ዋይፋይ አልይዝ ሲል መጀመሪያ የሚጠራው ፉንዲ ነው። እሱም ብሎኑን ፈትቶ ጀርባውን ይከፍትና «ቦርዱ ሄዷል» ይላል። ጎበዝና ሐቀኛ ፉንዲዎች እንዳሉን አንክድም። ነገር ግን እስካሁን ካየናቸው የዚህ ዓይነት ችግሮች አብዛኞቹ ካቻቪቴ የማይደርስባቸው፣ በሪሞት ብቻ የሚስተካከሉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት «አልተገናኘም» የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚናገር እንረዳ። ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ የሚገናኘው ከራውተሩ ወይም ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ራውተሩ ራሱ ከኢንተርኔቱ ጋር መገናኘት አለበት። እንደ ውሃችን ነው። ጀሪካኑ ቧንቧው ሥር ቢቀመጥም ጋኑ ባዶ ከሆነ ጠብታ አይወርድም፤ ጀሪካኑንም ብንቀይር ለውጥ የለውም። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንዴት እንለይ? ምስክር እንጥራ። ምስክሩ የእጅ ስልካችን ነው።

ስልኩን ቴሌቪዥኑ ያለበት ቦታ ላይ አድርገን ከዚያው ዋይፋይ ጋር እናገናኘዋለን። የሲም ካርዱን ዳታ ግን መዝጋት አለብን፤ ካልዘጋን ስልኩ ዋይፋዩ ሲያቅተው ሳይነግረን በሲም ካርዱ ይሄድና የሐሰት ምስክር ይሆንብናል። ዳታው ተዘግቶ፣ በዋይፋዩ ብቻ አንድ ገጽ ከከፈተ ራውተሩም ኢንተርኔቱም ደህና ናቸው፤ ነገሩ የቴሌቪዥኑ ነው። ስልኩም አልከፍት ካለ ቴሌቪዥኑን እንተወው። ባንድሉ አልቋል፣ ወይ ዋይፋይ የሚሸጥልን ሰው ዘንድ ተቋርጧል፣ አለዚያም ራውተሩ ነቅሎ መሰካት ይፈልጋል ማለት ነው።

ነቅሎ መሰካት ስንል እንደ ቀልድ የሚያዩት አሉ። በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን ግን አልጠፋም፤ ቀይ መብራቷ እስካለች ድረስ ያሸልባል እንጂ አልተኛም። ከሶኬቱ ነቅለን 2 ደቂቃ ያህል ቆይተን ስንሰካው ነው እንደ አዲስ የሚነሳው። ሌላም አለ። በእኛ ሰፈር መብራት በሰዓት የሚመጣ በመሆኑ ቴሌቪዥኑና ራውተሩ እኩል ይበራሉ። ራውተሩ እስኪዘጋጅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ቴሌቪዥኑ ቀድሞ ይነሳና ፈልጎ ሲያጣው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይቀመጣል። ራውተሩን መጀመሪያ አብርቶ፣ ቡና አንድ ጊዜ እስኪወርድ ታግሶ ቴሌቪዥኑን ማብራት ነው። መብራት ሲሄድ ሁለቱንም መንቀል ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚገፋው ኃይል ነው እውነተኛውን ቦርድ የሚያቃጥለው።

ቀጥሎ ማባቲ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ የዋይፋይ ሞገድ የሚገባው በበርና በመስኮት ነው፤ ብረት አያሳልፈውም። ራውተሩ ጎረቤት ቤት ሆኖ ወጪውን የምንጋራ ከሆነ በሩ ሲዘጋ ቴሌቪዥኑ መቋረጡ አያስገርምም። በሩን ከፍተንም ዘግተንም በስልኩ ላይ ያሉትን የሲግናል ምልክቶች ብንቆጥር ልዩነቱን እናየዋለን። ቴሌቪዥኑም ዋይፋይ የሚቀበልበት ክፍል እዚያው ገላው ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው በኩል ስለሆነ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር አጣብቀን ስንሰቅለው አፉን እንደያዝነው ነው። ሁለት ስንዝር ያህል ማራቅ፣ ወይም ፊቱን በር ወዳለበት ማዞር ብቻውን የፈታላቸው ቤቶች አሉ።

«ስልኬ ያየዋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የዋይፋዩን ስም ጭራሽ አያሳይም» ለሚሉን ደግሞ መልሱ ሌላ ነው። ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሠራል፦ በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ 5 ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። ብዙ ርካሽና የቆዩ ቴሌቪዥኖች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። የስልካችን ሆትስፖት በ5 ከተከፈተ ለእነሱ እንደሌለ ነው። በአንድሮይድ ስልክ በሆትስፖቱ ሴቲንግ ውስጥ «ባንድ» የሚለውን ከፍቶ 2.4ን መምረጥ ነው። በአይፎን 12 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ደግሞ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ማብራት። የሚስጥር ቁልፉ ዓይነትም እዚያው አካባቢ ይገኛል፤ «ደብሊው ፒ ኤ 3» ከሆነ ለአሮጌ ቴሌቪዥን ይከብደዋልና ወደ 2 ዝቅ ማድረግ ነው። ሆትስፖታቸውን በገዛ ፊደላችን የሰየሙም አጋጥመውናል። ደስ ይላል፤ ግን አንዳንዱ ቴሌቪዥን ስሙን ሰባብሮ ያሳየዋልና ለጊዜው በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን።

የፓስዎርድን ነገር ብዙ አናወራም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፤ ዜሮና «ኦ» ይምታታሉ። ፓስዎርዱ ከተቀየረ ደግሞ ቴሌቪዥኑ የድሮውን ይዞ ስለሚከራከር «ፎርጌት» ብለን አስረስተን እንደገና እንሙላ።

አሁን ብዙ ሰው ወዳልጠረጠረው ነገር እንምጣ። አንዲት እናት የፎርም ፎር ተማሪ ልጅ አላቸው። ቴሌቪዥኑን የገዙት ለእሱ ነው። አንድ ቀን ዩቲዩብ አልከፍት አለ። የመጣው ፉንዲ ቦርዱ ይቀየር ብሎ የቴሌቪዥኑን ግማሽ ዋጋ የሚጠጋ ጠየቃቸው። «መምህር፣ ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት እስቲ አንዴ እዩልኝ» ብለው ጠሩን። ምስክሩን ስልክ አቆምን፤ ይከፍታል። ቴሌቪዥኑን አየን፤ ዋይፋዩን በሙሉ ሲግናል ይዟል። ዩቲዩብ ግን እምቢ። ከዚያ ቀኑን አየን። ዓመቱ በእኛው አቆጣጠር ተሞልቷል!

«ማን ሞላው እትዬ?»

«ታላቅ ወንድሜ ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ጠፍቶ ነበርና ካላንደር አይተው በጥንቃቄ ነው የሞሉት፤ ምነው?»

ጥንቃቄውስ ጥንቃቄ ነበር፤ የግድግዳው ካላንደር ግን የአገር ቤት ነው። የእኛ ዘመን ከአውሮፓው ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ወደኋላ ነው። የወሩም ቁጥር አይገጥምም፤ ለእኛ መስከረም 1ኛ ወር ነው፣ ለእነሱ ሴፕቴምበር 9ኛ። ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው የእነሱን ብቻ ስለሆነ ራሱን ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል።

ታዲያ ቀን ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው? እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ዩቲዩብን የመሰለ ገጽ ሲከፍት ገጹ «እኔ ትክክለኛው ነኝ» የሚል መታወቂያ ያሳየዋል። መታወቂያው እንደ እኛው መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ካላንደሩ 8 ዓመት ወደኋላ የቀረ ቢሆን መታወቂያችንን አይቶ ምን ይላል? «ይህ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው፤ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይመልሰናል። ቴሌቪዥኑም ያደረገው ይህንኑ ነው። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር አስተካከልነው፤ ዩቲዩቡም ተከፈተ። ልጁ እዚያው ደብተሩን አወጣ። እትዬም ለፉንዲው የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው ቡና ካላፈላሁ አሉ።

ስለዚህ ዋይፋዩን ይዞ አፑ ብቻ እምቢ ሲል መጀመሪያ ቀኑን እንይ። «አውቶማቲክ» የሚል ምርጫ ቢኖርም ቀኑን የሚያመጣው ከኢንተርኔት ስለሆነ አንዳንዴ ራሱ ተዘግቶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በእጅ እንሙላው። የሰዓቱን ቀጠና ናይሮቢ ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ በፈረንጅ ይሁን፤ እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስንል ለእሱ 20፡00 ነው።

የዚህ መታወቂያ ነገር በተቃራኒውም ያጋጥማል። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 ብዙ ድረ ገጾች የሚተማመኑበት አንድ የቆየ ዋና መታወቂያ ጊዜው አበቃ፤ አዲሱን ያልተቀበሉ አሮጌ ዕቃዎች በርካታ ገጾችን መክፈት አቃታቸው። መድኃኒቱ የቴሌቪዥኑን ሶፍትዌር ማደስ ነው፤ ፋብሪካው ማደሻ ካወጣለት። ያላወጣለትም አለ። ዩቲዩብም በ2015 በ2012ና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የነበረውን የቀድሞ አፑን አቋርጧል። ያገለገለ ቴሌቪዥን የምትገዙ ሁሉ እባካችሁ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ፤ ከመክፈላችሁም በፊት በራሳችሁ ሆትስፖት አስከፍታችሁ እዩ።

በኩፖን ለሚሸጠው ዋይፋይ ደግሞ ሌላ መላ ያሻል። ኮዱን የምንሞላበት ገጽ በስልክ ላይ ይመጣል፤ በቴሌቪዥን ላይ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ተገናኝቷል ይላል፤ ግን ኢንተርኔት የለውም። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ «ማክ አድራሻ» የሚባል የ12 ፊደልና ቁጥር ቅጥልጥል አለ። ይህን ጽፈን ለሻጩ ብንሰጠው ብዙዎቹ በራሳቸው በኩል መዝግበው ሊያሳልፉልን ይችላሉ። እዚያው «አይፒ አድራሻ» የሚለው በ169.254 ከጀመረ ደግሞ ራውተሩ ለቴሌቪዥኑ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው፤ ሁለቱንም ነቅሎ መሰካት፣ ካልሆነም የተገናኙትን ስልኮች መቀነስ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እምቢ ካለስ? የኔትወርክ ኬብል ተውሰን ቴሌቪዥኑን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ እናገናኘው። በኬብል ከሠራ የሞተችው የዋይፋይ ክፍሏ ብቻ ናት። ያኔ ፉንዲውን «ቦርዱን ቀይር» ሳይሆን «የዋይፋይ ክፍሏን እይልኝ» ማለት እንችላለን፤ ዋጋውም ይለያያል። ወይም በኤችዲኤምአይ የሚሰካ ትንሽ የአንድሮይድ ቦክስ ይበቃል። በኬብልም ካልሠራ ብቻ ጀርባው ይከፈት።

ስለ ባንድል አንድ ነገር። በሆትስፖት የተገናኘ ቴሌቪዥን የስልክ ሆድ የለውም። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው በተራ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ለሰሌዳ ትምህርት ዩቲዩብን 360 ወይም 480 ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ጽሑፉ ይነበባል። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥልም «አውቶፕሌይ» ይዘጋ። ከዚህም የሚሻለው ነፃ ወይም ርካሽ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ትምህርቱን በሚፈቀደው መንገድ አውርዶ፣ በፍላሽ አምጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መሰካት ነው። ፍላሹ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልምና ትምህርቱን በክፍል በክፍል አድርጉት። የየትኛውም ክፍል ተማሪ ፍላሽ ይዞ ቢመጣ ከእኛ ዘንድ ያለውን እንገለብጥለታለን።

ለመሄድ ቀን የተቆረጠላችሁ ወገኖቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ቴሌቪዥኑን ሸጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ግን «ፋክተሪ ሪሴት» አድርጉት፤ አለዚያ አካውንታችሁ እዚሁ ይቀራል፤ የገዛውም ሰው በእናንተ ስም ሲያይ ይከርማል። የገዛችሁም ያንኑ አድርጉ፤ ሪሴቱ ግን ቀኑንም ሊያጠፋው ስለሚችል እንደገና ስትሞሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

የፈተናውን ነገር በሚቀጥለው እትም ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።